ያለቀስንላት ልጅ በቡሪ

ካርቱም የሄድኩት አገር ለማየት ነበር። ይህን ስናገር የሚያምነኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። መተማ ላይ ፓስፖርቴን ያየው ሠራተኛ ፈገግ ብሎ "እሺ፣ ቱሪስት" አለኝ። ጋላባት ያለው የሱዳን ፖሊስ ደግሞ ቪዛዬን አገላብጦ አየና "ሸጋላ?" ብሎ ጠየቀኝ፤ የቤት ሠራተኛ ነሽ ወይ ማለቱ ነው። አልፈረድኩበትም። ከወሎ ተነስታ ብቻዋን ያንን ድንበር የምትሻገር ሴት ወይ ሰው ቤት ልትሠራ ነው፣ ወይ በሊቢያ አድርጋ ባሕር ልታቋርጥ ነው። እኔ ግን ኮምቦልቻ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ፣ አንድ የጀርባ ቦርሳ ይዤ፣ ለአውሮፕላን አቅሙ ስለሌለኝ ከአውቶቡስ አውቶቡስ እየቀያየርኩ ነበር የተጓዝኩት። ቀደም ሲል ጅቡቲንም በዚሁ ዓይነት አይቼ ተመልሻለሁ። አሁን ያሰብኩት ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበትን ቦታና ከካርቱም በስተ ሰሜን ያሉትን ፒራሚዶች ለማየት ነበር።

መደንገጥ የጀመርኩት ገና ከተማው ውስጥ እንደገባሁ ነው። ከገዳሪፍ የመጣው አውቶቡስ ካወረደኝ በኋላ ወደ መሀል ከተማ የሚሄድ ሐፍላ ተሳፈርኩ፤ የከተማ አውቶቡስ ነው። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ እኔን ዘሎ አለፈ። ገንዘቡን ዘርግቼ ስጠራው ከፊት ለፊት የተቀመጡ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌን በአገጩ አሳየኝ፤ ከፍለውልኛል። የማላውቀው ሰው ሲከፍልልኝ እኛ አገር ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ስለማውቅ ቦርሳዬን አጥብቄ ያዝኩ። ሽማግሌው ሁለት ፌርማታ ያህል ሄደው ወረዱ፤ ዞር ብለውም አላዩኝ። ካሳፈረኝ ጥርጣሬዬ ይልቅ የደነቀኝ ነገሩ ለሳቸው ምንም አለመሆኑ ነው።

ሱቅ አል-አረቢ በሚባለው ገበያ አካባቢ ርካሽ ማደሪያ እንዳለ ሰምቼ ነበር። ሎካንዳ ይሉታል። የመጀመሪያው ሎካንዳ ባለቤት ሰላምታዬን በደስታ ተቀብሎ ውኃ ሰጠኝ፣ ቁጭ በይ አለኝ፣ ከዚያ ግን ብቻዋን የመጣች ሴት እንደማያሳድር ነገረኝ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ፀሐዩ አናቴን ስለበላኝ አልገባሁም፤ ዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጥ ሀበሻ ሴት አየሁና በርጩማ ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

የጎንደር ሰው ናት፤ ካርቱም የገባችው በልጅነቷ ነው፤ አማርኛዋ ግማሹ አረብኛ ሆኗል።

"ሰምሳር አምጥቶሽ ጥሎሽ ሄደ?" አለችኝ። ደላላ ማለቷ ነው።

"ማንም አላመጣኝም፣ እትዬ። አገር ልይ ብዬ ነው።"

ብርጭቆውን እያጠበች ትክ ብላ አየችኝ። "ምን አለው አገሩ?" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ለጎረቤቷ ዕቃዋን አደራ ብላ ተነሳች። "ያላ፣ ተነሺ። የአርብ ቤት እወስድሻለሁ።"

የአርብ ቤት የሚሉት ቡሪ በሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ ግቢ ጓሮ ያለ ክፍል ነው። ሪያድና አል-ማንሺያ በሚባሉት የካርቱም ሀብታም ሰፈሮች ባሉ ትልልቅ ቤቶች ተቀጥረው እዚያው የሚያድሩ የወሎ ሴቶች በጋራ ተከራይተውታል። እረፍታቸው አርብ ብቻ ስለሆነ የሚመጡትም አርብ ብቻ ነው፤ ጠጉራቸውን ይሠራሉ፣ ያበስላሉ፣ በአማርኛ ያወራሉ፣ ሲመሽ ወደየማዳማቸው ይመለሳሉ። በሌላው ቀን ክፍሉ ተቆልፎ ይውላል። ቁልፉን የምትይዘው ሻይ ሻጭዋ ነበረች። ለሴቶቹ ስልክ ደውላ ነገረቻቸው፤ እነሱም በርሜሉን ውኃ ከሞላሁላቸው እስክሄድ ድረስ ልተኛበት ፈቀዱልኝ። ከርካሽም ርካሽ ማደሪያ አገኘሁ።

ሳምንቱን በእግሬና በሐፍላ ስዞር ከረምኩ። መንገድ ዳር ለአላፊ አግዳሚ ከሚቀመጠው የሸክላ ጋን እየቀዳሁ እጠጣለሁ፣ ፉል በዳቦ እበላለሁ፣ ማታ በገመድ በተጠለፈ አልጋ ላይ እተኛለሁ። የተኛሁበት የማን አልጋ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

አርብ ረፋድ ላይ ግቢው ውስጥ ቧንቧ ሥር ልብስ እያጠብኩ ሳለ ከተከራዮቹ ሴቶች ሁለቱ ቀድመው መጡ። ሰላም ተባባልን፣ እነሱ ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ ሦስተኛዋ ከውጭ ከባጃጅ ነጂው ጋር በአረብኛ ስትከራከር ተሰማ፤ እየሳቀች ነበር። ሳቋ የማውቀው መሰለኝና ፈገግ አልኩ፤ ሰው ሰው ይመስላል ብዬ። በሩ ተከፈተ። ጥቁር አባያ ለብሳ፣ ሐብሐብ ታቅፋ ገባች።

የጎረቤታችን ልጅ ነበረች። አብረን አንድ ወንበር ላይ ተምረናል፤ ቤታችንን የሚለየው የቁልቋል አጥር ነው። ሞተች ተብሎ ከተለቀሰ ስምንት ዓመት ሆኖታል። በለቅሶዋ ወጥ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

እሷ ወዲያው አወቀችኝ። ገበያ ውስጥ እንደተገናኘን ዓይነት ፊቷ በራ፣ ሐብሐቡን መሬት አስቀምጣ እጇን ዘርግታ መጣች። እኔ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ሳፋው ተገለበጠና የሳሙናው ውኃ በእግሬ ላይ ፈሰሰ። ግድግዳውን ያዝኩ።

እጇን ቀስ ብላ አወረደች።

"ምነው?" አለችኝ። "የሰው ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ ተጸየፍሽኝ?"

"አንቺ ሞተሻል እኮ" አልኳት።

"ምን?"

"ሞተሻል። ሰደቃሽን በልተናል።"

ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን አቆመች። ቀርባ እጄን ያዘችና በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው፤ ምን እያደረገች እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። እኔን እያረጋገጠች ነበር፣ አእምሮዬን ስቼ እንደሆነ።

ክፍሉ ውስጥ ገብተን አልጋው ላይ አስቀመጠችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ከቤት ጠፍታ በሄደች በጥቂት ወሩ ከሊቢያ አንድ ልጅ ኮምቦልቻ ላለ ዘመዱ ደውሎ ነበር፤ አብረው ሲጓዙ መኪናቸው በረሃ ላይ ተገልብጦ የኮምቦልቻዋ ልጅ ሞታለች፣ እዚያው ቀብረናታል አለ። ስሟን ባያውቅም በዚያ ጊዜ ከከተማው የጠፋችው እሷ ስለነበረች ሌላ የጠረጠረ አልነበረም። ድንኳን ተተከለ። በሬ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ። እናቷ ፊቷን ስለነጨች ሴቶች እጇን ይዘው ነበር የሚያድሩት።

ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"አባቴም አለቀሰ?"

አባቷ ልጅቱ የጠፋች ዕለት "ከእንግዲህ ልጄ አይደለችም" ማለታቸውን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እሷም በሰው በኩል ሰምታው ኖሯል። ስምንት ዓመት ያልደወለችው በዚህ ነው፤ የሚታይ ነገር ሳልይዝ ድምፄን አላሰማቸውም ብላ፣ ዛሬ ነገ ስትል።

"ከሁሉም በላይ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው" አልኳት። እውነቴን ነበር። ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ እንኳ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው የሚመጣውን ሰው ሁሉ እንደ አዲስ ይቀበሉ ነበር።

ፊቷን በአባያዋ እጅጌ ሸፈነች። ሴቶቹም ማልቀስ ጀመሩ። እኔ የደስታ ለቅሶ መስሎኝ ነበር። ድንገት ግን ቀና አለች።

"ልጁ ያለው የኮምቦልቻዋ ልጅ ነው?"

"አዎ።"

ዞር ብላ ሴቶቹን አየቻቸው። አንደኛዋ ተነስታ ምድጃውን አጠፋች። ምን እንደተፈጠረ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቀስ በቀስ ነገሩኝ። ያኔ ጓደኛዬ በዚያ መኪና ልትሄድ ተዘጋጅታ ነበር። መነሻቸው ሲደርስ ወባ ጣላት፤ ደላላው አልጠብቅም አለ። ቦታዋን የወሰደችው ይህን ክፍል አብራቸው የተከራየች፣ ከኮምቦልቻ አጠገብ ካለችው ከሐርቡ የመጣች ልጅ ናት። ሐርቡን የሚያውቅ ስለሌለ እሷም ለሰው ሁሉ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ ነበር የምትለው።

"ጣሊያን ገብታ ረሳችን ብለን" አለች ምድጃውን ያጠፋችው ሴት፣ "አርብ አርብ ስንሰድባት ነው የኖርነው።"

ጓደኛዬ "ኢና ሊላሂ" አለች። ደግማ ደጋግማ አለችው። አንድ ሰው ተነስቶልኝ ሌላ ሰው ሞተብኝ፤ የሞተችውን አላውቃትም፤ ግን ባዶ ክፍል ነው ብዬ ስተኛበት የሰነበትኩበት ቤት ቤቷ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ወደ ኮምቦልቻ ደወልን። ጓደኛዬ ስልኩን ልትነካው አልቻለችም፤ እኔ ቀድሜ ለእናቴ ደወልኩ። እናቴ ሰምታኝ በለስላሳ ድምፅ "ልጄ፣ ፀሐይ ላይ ብዙ ቆየሽ?" አለችኝ። በምስል ስታያት ግን ስልኩን ይዛ እየሮጠች አጥሩን ዞረች። ምስሉ ሰማይ፣ ቁልቋል፣ የእናቴ ጫማ እያሳየን ሄደ።

የጓደኛዬ እናት ስልኩን አልቀበልም ብላ ስትናገር ይሰማናል። "የሰው ሐዘን አትቀስቅሱ። አሁን በስልክ የማይሠሩት ነገር የለም።" እናቴ ፊቷ ላይ ደቀነችው። እናትና ልጅ ተያዩ። እናትየዋ ዓይኗን አልነቀለችም፤ የቆመው ምስሉ ነው ወይስ እሷ ብዬ ስልኩን ነካ ነካ አደረግሁት። በመጨረሻ፦

"ጠቁረሻል" አለቻት።

"ፀሐዩ ነው፣ እማ።"

ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልሰማሁም፤ ወጥቼ ውጭ ቆምኩ። ስመለስ አባትየው ከጁምዓ ሰላት መጥተዋል። ስልኩን ሲሰጧቸው ምስል መሆኑን አላወቁም፤ እንደ ድሮው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። የስልኩ መስተዋት ሙሉ በሙሉ የአንድ ሽማግሌ ጆሮ ሆነ። ጓደኛዬ ያንን ጆሮ እያየች "አባባ፣ እኔ ነኝ" አለች። ጆሮው አልተንቀሳቀሰም። ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማ ነበር።

ፒራሚዶቹን ሳላይ ተመለስኩ። የሐርቡዋን ልጅ ቤተሰብ ስልክ ማንም ስለማያውቅ መርዶውን በአካል የሚያደርስ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ የሚያውቁት አባቷ ወፍጮ ቤት እንዳላቸው ብቻ ነው። ኮምቦልቻ እንደደረስኩ ብቻዬን ልሄድ ስነሳ የጓደኛዬ አባት ከዘራቸውን ይዘው ደጃፋችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

"መሄድ ያለብኝ እኔ ነኝ" አሉኝ። "የልጅቱን አባት ለቅሶ ወስጄባቸዋለሁ።"

የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ሞተሩን አጠፉ። የሚያስፈጩት ሴቶች ተራቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ሰውዬው እጃቸው ላይ ያለውን ዱቄት አራገፉና "እናቷ እስከ ዛሬ እየጠበቀቻት ነው" አሉ። የጓደኛዬ አባት ክንዳቸውን ያዙ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደዚያው ተያይዘው ወደ ቤት ገቡ። ያን ዕለት ሐርቡ ላይ ድንኳን ተተከለ። የጓደኛዬ አባት ሦስቱን ቀን እዚያው ዋሉ፣ እዚያው አደሩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ካርቱም ላይ ጦርነቱ ጀመረ። ስልክ ጠፋ። የጓደኛዬ እናት ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትውል ነበር፤ እኔም ከሥራ ስወጣ በእሷ ደጃፍ ማለፍ ፈራሁ። አንድ ቀን ግን ከመተማ ተደወለ፤ በገዳሪፍ በኩል ወጥታለች። ኮምቦልቻ ስትገባ ሊጨብጧት የፈሩ ጎረቤቶች ነበሩ፤ አንዲት ሴትዮ ነክታት ጣቷን አየች።

እረፍት እንኳ ሳታደርግ ወደ ሐርቡ ውሰዱኝ አለች። አብሬያት ሄድኩ። የሟቿ እናት አልጋ ላይ ተቀምጣ የጓደኛዬን እጅ ይዛ አስጠጋቻት፤ ፊቷን፣ አንገቷን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ጠየቀቻት።

"ልጄ የተሳፈረች ዕለት ምን ለብሳ ነበር?"

"አረንጓዴ ቀሚስ" አለች ጓደኛዬ። "የኔ ነበር። እኔ ነኝ ያለበስኳት።"

"ልኳ ነበር?"

"ትንሽ ረዝሟት ነበር። እዚያው በመርፌ ሰፋንላት።"

እናትየዋ ራሷን ነቀነቀችና ስለ ቀሚሱ እንደገና ጠየቀች። ጓደኛዬም እንደገና ነገረቻት።