ሉክ ፎር፣ ፋይንድ እና አባቴ

የጠፋ ሰው ፈልገው ያውቃሉ? ዕቃ ማለቴ አይደለም፤ ሰው።

እኔ እንጅባራ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ያን ቀን ጠዋት ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በግራ «ሉክ ፎር»፣ በቀኝ «ፋይንድ» ብዬ ጻፍሁ። የመጀመሪያው መፈለግ፣ ሁለተኛው ማግኘት መሆኑን ለተማሪዎቼ አስረዳሁ። «መፈለግ ድካሙ ነው፤ ማግኘት ውጤቱ። በሥርዓት የፈለገ ያገኛል» አልኋቸው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር መጽሐፉ ላይ የለችም፤ ከራሴ የጨመርኋት ናት።

በእረፍት ሰዓት እህቴ ደወለች። «አባባ የሉም! በሩን ከፍተው ወጥተዋል።»

አባቴ መርሳት ከጀመሩ ሁለተኛ ክረምታቸው ነው። አማርኛው እንኳ ከአፋቸው እየጠፋ የልጅነት አገውኛቸው ብቻ ቀርቷል። ቀኑ ደግሞ የገበያ ነበር። መናኸሪያ፣ ጤና ጣቢያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የዘመድ ቤት ብዬ በወረቀት ዘርዝሬ በባጃጅ መዞር ጀመርሁ። ሾፌሩ ወረቀቴን አየና «መምህር፣ እንደ ክፍል ስም እየጠሩ ነው እንዴ የሚፈልጓቸው?» አለኝ። አልሳቅሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝርዝሩ በሙሉ ተሰርዞ አለቀ። ዝናቡ ወረደ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቆሜ ጠዋት ያልሁት ትዝ ሲለኝ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሾፌሩ ግን ጓደኞቹ ዘንድ ሲደውል ቆይቶ ኖሮ «ይነሡ! ገበያተኛ ፈረሱን የሚያስርበት ሜዳ ላይ አንድ ሽማግሌ አሉ» አለኝ።

አባቴ ነበሩ። ጋቢያቸው ውኃ ጠጥቶ፣ ከአንዱ ፈረስ ወደ ሌላው እየሄዱ ግንባር ግንባሩን ይዳብሳሉ። የፈረሶቹ ጠባቂ «ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ናቸው። ያላዩት ፈረስ የለም» አለ።

«አባባ፣ ጠፍተውብኝ ስፈልግዎ ዋልሁ!»

በአገውኛ መለሱልኝ፦ «እኔ መቼ ጠፋሁ? የጠፋው ዳማው ነው።»

ዳማ ፈረሳቸው የሞተው እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። ማስረዳት ልማዴ ነውና «ሞቷል እኮ» አልኋቸው። መርዶ እንደ ሰማ ሰው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው አለቀሱ። በሚቀጥለው ገበያ ረስተውት እንደገና ወጡ።

ከዚያ ወዲህ መርዶውን ደግሜ አላረዳኋቸውም። ትምህርት በሌለኝ የገበያ ቀን ክንዳቸውን ይዤ ፈረስ ለፈረስ አብሬያቸው እዞራለሁ። እንደማናገኘው አውቃለሁ። እሳቸውም እየደከሙ ነው።

እርስዎም ሰው የጠፋብዎ ዕለት ዝርዝር ከማውጣትዎ በፊት፣ እስቲ ያ ሰው ምን ሲፈልግ እንደ ወጣ ራስዎን ይጠይቁ። ይሞክሩት፤ እኔ ዘግይቼ ነው የሞከርሁት።