መዝገብ ቤት ዋስ የፈለግሁበት ሳምንት

የግብርና መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የገባሁት በጥቅምት፣ ዝናቡ በቅጡ ካቆመ በኋላ ነው። ኃላፊው አቶ ሰይድ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከአልዩ አምባ የመጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያሳዩኝ ወንበሬን ሳይሆን ጣራውን ነበር።

«ይኸውልዎ፣ ክረምቱን ሙሉ የሚያፈሰው እዚያ ጥግ ላይ ነው። ወቅታዊ ሠራተኛ የምንቀጥረው በእሱ ምክንያት ነው» አሉኝ።

ሥራው ይህ ነው። ክረምቱ ሲያልፍ እርጥበት የገባባቸው ማህደሮች ከመደርደሪያ ይወርዳሉ፤ ገጽ በገጽ ተዘርግተው ይናፈሳሉ፤ የዛገው መርፌ ቁልፍ ይነቀላል፤ የተቀደደው ሽፋን ይቀየራል፤ ከዚያ በቁጥራቸው ተመልሰው ይደረደራሉ። ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ እስከሚመጣው ጥቅምት ቤታችን እንቀመጣለን።

ለሥራው የሚጠየቀው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቀ፣ ሳንባው አቧራ እንደሚችል የሐኪም ማስረጃ ያለው፣ የተግባር ፈተና የሚያልፍ። የትምህርት ማስረጃዬን በላስቲክ ጠቅልሎ ከራሱ ወረቀቶች ጋር ያስቀመጠው ባሌ ወልደየስ ነበር። እዚያው መሥሪያ ቤት የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነበር። መዘዞና እነዋሪ ድረስ እየሄደ በግና ከብት ሲከትብ ኖሮ፣ ነሐሴ ላይ ሞተብኝ።

በፈተናው የሦስት ሰዎችን ደብዳቤ ቀላቅለው ሰጡንና ሦስት ማህደር አድርጉት አሉን። ካለፉት ውስጥ የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። ከእኔ ቀጥሎ ያለችው ተጠባባቂ ሆነች።

ጣራውን ካሳዩኝ በኋላ አቶ ሰይድ ያልጠበቅሁትን ነገር ነገሩኝ።

«ሰነድ የሚይዝ ሁሉ ዋስ ያመጣል። ዋስዎ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ መሆን አለበት፣ ለሌላ ሰው ዋስ ያልሆነ። ሥራውን ዛሬ ይጀምሩ፤ ዋስዎን እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ያቅርቡ። ካልሆነ ቦታውን ለተጠባባቂዋ እሰጣለሁ። ቅር እንዳይልዎ።»

ቅር አላለኝም፤ ፈራሁ እንጂ። ሥራውን ካጣሁ የተከራየሁትን ቤት ለቅቄ አንኮበር፣ የባሌ ታላቅ እህት ዘንድ መግባቴ ነው። እትዬ ጥሩነሽ አስተማሪ ናት። ከቀብር በኋላ «ነይ እኔ ጋ፤ ዓመትሽን እዚህ ቁጭ ብለሽ አውጪ» ብላኝ ነበር። እምቢ ማለቴ ከብዷታል። እኔ ግን ከወልደየስ ጋር የኖርኩበትን ቤት ገና በመጀመሪያው ጥቅምት ለሌላ ተከራይ መልቀቅ አልቻልኩም።

የዚያኑ ቀን አንድ እርጥብ ማህደር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ገጹን ሳነሳ የነጠላዬ ጫፍ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ሳነሳው ጥቁር መስመር ትቶ ተነሳ። የሐዘን ነጠላዬን ጥቁር ቀለም የነከርኩት ራሴ ነበርኩ፤ እርጥበት ሲያገኝ ይለቃል። አቶ ሰይድ አዩት። በንጹሕ ጨርቅ ቀስ አድርገው መጠጡት። መስመሩ ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም።

«ወይዘሮ አስካለ፣ እኔ በሐዘንዎ አልገባም። አላህ ያጽናዎት። ይህ ግን የሰው የቅጥር ደብዳቤ ነው» አሉኝ።

ከበሩ ጀርባ አንድ ካኪ ጋውን አውርደው ሰጡኝ። ጋውኑ ከወረደበት ሚስማር ላይ ነጠላዬን ሰቀልኩ። ጋውኑን እስከ ጉልበቴ ቆለፍኩትና ሥራዬን ቀጠልኩ።

በሁለተኛው ቀን ሽፋኑን ለመቀየር አንድ ማህደር ከመደርደሪያ አውጥቼ ወደ ጠረጴዛዬ ወሰድኩ። አቶ ሰይድ ክፍተቱ ፊት ሄደው ቆሙ።

«እዚህ ማን ነበር?»

«አሁን እመልሰዋለሁ።»

«መቼ ይመልሱታል አላልኩዎትም። ማን ነበር ነው ያልኩት።»

ስሙን አላስታወስኩም። ከኪሳቸው ጠንካራ ቢጫ ካርድ አወጡ። ማህደር ከቦታው ሲነሳ በምትኩ ካርድ ይገባል። ካርዱ ላይ የማን ማህደር እንደሆነ፣ ማን እንዳነሳው፣ ወዴት እንደሄደ ይጻፋል። «ለአፍታም ቢሆን» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ካርድ ሳላስገባ ማህደር አንስቼ አላውቅም።

እሑድ ዕለት እትዬ ጥሩነሽ ደወለች። ሰላምታዋም አጭር ነበር።

«ጥቁሩን አወለቀች አሉኝ። እውነት ነው?»

«ማነው ያለሽ?»

«ደብዳቤ ሊያስገባ የመጣ የእኛ ሰው አይቶሻል። ካኪ ለብሳ ወዲያ ወዲህ ትላለች አለኝ።»

«ለሥራ ነው፣ እትዬ።»

«አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ!»

ወቀሳዋን እስክትጨርስ ሰማኋት። ወንድሟም ነው።

በማግሥቱ ሰኞ ዋስ ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ የታሰበኝ ጌታነህ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ። ሲቀጠር ዋስ የሆነለት ወልደየስ ነበር። ጠዋት የታሸገ ደብዳቤ አድርሼለት በወጪ መዝገብ ላይ አስፈርሜው ነበር። በምሳ ሰዓት ተመልሼ ሄድኩና ችግሬን ነገርኩት። የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ።

«እትዬ አስካለ፣ ጠዋት ያመጡልኝን ደብዳቤ አንብበውታል?»

«የታሸገ ደብዳቤ አላነብም።»

«እንግዲያውስ አሁን ያንብቡት።»

ዋሱ ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ በምትካቸው ሌላ ዋስ እንዲያቀርብ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰው ሲሞት ዋስትናውም አብሮ እንደሚያበቃ አስቤው አላውቅም ነበር። የራሱ ዋስትና ያልታደሰ ደግሞ ለሌላ ዋስ አይሆንም።

ጌታነህ ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ሰጠኝ። «አይ ጋሼ ወልደየስ! አንድ ሰው ሞቶ ሁለታችንም ዋስ አጣን። ቢሰማ ይስቅብን ነበር» አለኝ።

ከቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ቀጥሎ አለቀስኩ። እሱም አየና ዕቃ የሚቆጥር መስሎ ወደ መደርደሪያው ዞረ።

ማክሰኞ ሌሎችን ጠየቅሁ። አንዱ ለወንድሙ፣ ሌላዋ ለጎረቤቷ ዋስ ሆነዋል። አንዱ ሚስቴን ላማክር ብሎ ቀረ። ረቡዕ የቀረችኝ አንዲት ሰው ነበረች። እንደማትሆን እያወቅሁ በእረፍት ሰዓት ደወልኩላት።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ ዋስ እፈልጋለሁ።»

ከኋላዋ የተማሪዎች ጫጫታ ይሰማኛል።

«ጥቁሩን ላወለቅሽበት ሥራ?»

«አዎ።»

«ደወል ተደውሏል» አለችና ዘጋችው።

ሐሙስ ማታ ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ ለተጠባባቂዋ እንዳይቸግራት ጠረጴዛዬን አስተካከልኩ። የተናፈሱትን በአንድ ወገን፣ ያልተናፈሱትን በሌላ ወገን አድርጌ በላያቸው ምንነታቸውን የጻፍኩበት ወረቀት አኖርኩ።

ዓርብ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ጥሩነሽ ናት። ከአንኮበር በጉም ውስጥ ተሳፍራ መምጣቷ ከጋቢዋ እርጥበት ያስታውቃል። አቶ ሰይድን ሰላም አለች። እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ልብሱ የታለ?»

«ከበሩ ኋላ፣ ሚስማሩ ላይ።»

ሄዳ ነጠላውን በእርጥብ እጇ ያዘች። ስትለቀው ጣቶቿ ጠቁረዋል። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር መስመር ያረፈበት ደብዳቤ አሁንም ተዘርግቶ ነበር። ደብዳቤውን አየች፤ ጣቶቿን አየች።

«ማነው የነከረው?»

«እኔ።»

«ጨው አላደረግሽበትም?»

«ጨው ይደረጋል?»

«ኧረ በስመ አብ! ያለ ጨው ነክራ ነው እኮ! ምነው ብትጠይቂኝ!» አለች። ከዚያ ወደ አቶ ሰይድ ዞራ «ቅጹን ያምጡት» አለቻቸው።

አቶ ሰይድ የደመወዝ ማረጋገጫ ይዛ እንደሆነ ጠየቋት። ከቦርሳዋ አወጣች። ትናንትና ያጻፈችው ነው። እሳቸው እየጠየቁ፣ እሷ እየመለሰች ቅጹ ተሞላ።

«ከሠራተኛዋ ጋር ያለዎት ዝምድና?»

«እህት።»

«የሥጋ እህት ነዎት?»

«እህት አልኩዎት። ጨው የማታውቅ እህት» አለችና ፈረመች።

አቶ ሰይድ ማኅተም አስደርገው ሲመለሱ ወንበራቸውን ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። «አሁን ሠራተኛ ነዎት። አንድ ማህደር አለ፤ በሕይወት ካሉት ሠራተኞች መደርደሪያ በሞት ወደተለዩት ገና አልተዛወረም። ዋስ ሳያቀርቡ ላዝዝዎት አልፈለግሁም። ካልቻሉ ሌላ ሰው ያነሳዋል» አሉኝ።

የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። መደርደሪያው ጋ ሄድኩ። የወልደየስ ማህደር ወፍራም ነው፤ ጀርባው ላይ ስሙ ራሱን በሚመስል ቀጥ ያለ ጽሕፈት ተጽፏል። ካርድ ወሰድኩና ስሙን ጻፍኩ። ‹ያነሳው› በሚለው ላይ የራሴን ስም፣ ‹የሄደበት› በሚለው ላይ ‹በሞት የተለዩ› ብዬ ሞላሁ። ካርዱን አስገብቼ ማህደሩን አወጣሁት።

እትዬ ጥሩነሽ ከኋላዬ ቆማለች። «ወዴት ነው የምትወስጂው?»

«በሞት የተለዩት መደርደሪያ በመስኮቱ በኩል ነው፣ እትዬ። እዚያ ጣራው አያፈስም።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ» አለች። ማህደሩን በሁለት እጇ ተቀበለችኝና አብረን ወሰድነው።

ጌታነህም በኋላ ዋስ አግኝቷል። እኔ ከዚያ ወዲህ በየጥቅምቱ እየተቀጠርኩ አለሁ። ውሉ በየወቅቱ ይታደሳል፤ እትዬ ጥሩነሽም በየወቅቱ ከአንኮበር ትመጣለች። ነጠላውን እሷ እንደገና ነክራልኝ ዓመቱን ጨረስኩበት፤ አንድ ወረቀት እንኳ አላበላሸም።

አዲስ ወቅታዊ ሠራተኛ ሲመጣ ማሰልጠን አሁን የእኔ ሥራ ነው። ስለ አቧራው፣ ስለ ዛገው መርፌ ቁልፍ፣ ስለ ጣራው በኋላ እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ የማሳያቸው ቢጫውን ካርድ ነው። ማህደር ይነሳል፤ መነሳቱ አይቀርም። ቦታው ግን ባዶውን አይተውም። የማን እንደነበረና ወዴት እንደሄደ ይጻፍበታል።