ዘገምተኛ ናቸው ያልሁባቸው ሴት

ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ይህችን እየዘለልሁ ነው የኖርሁት። አንተ አንባቢዬ ፊቴን አታየውም፤ ምናልባት የደፈርሁት ለዚህ ይሆናል።

እንጅባራ ዳር፣ ከቀርከሃ ስቴኪኒ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ሥራ መዳቢ ነበርሁ። የትኛው ማሽን ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚቆምበት በየጧቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። እትዬ ይታይሽ የሚባሉ ሴት አራት ማሽን ብቻቸውን ይጠብቁ ነበር። ማሽኑ የጎረሰውን ቀርከሃ ሲጨርስ ራሱ ይቆማል፤ እሳቸው ሄደው ያወጡለትና ሌላ ያጎርሱታል። ሃምሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ነበሩ። ሥራ የጀመርሁ ሰሞን ብርዱ ሲያንዘፈዝፈኝ አይተው፣ "እናትህ ብታይህ ምን ትላለች?" ብለው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ያለበሱኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ጧት ሰሌዳው ሥር ጠበቁኝ።

"ልጄ፣ ለአራቱም አንድ ዓይነት ቀርከሃ ስለምትሰጣቸው ባንድ ጊዜ ይቆሙብኛል። አንዱን ሳጎርስ ሦስቱ ሥራ ፈትተው ይጠብቃሉ። ቀጭኑ ቶሎ ያልቃል፣ ወፍራሙ ይዘገያል። ብታደባልቅልኝ እኮ በየተራ እደርስባቸው ነበር።"

እውነታቸውን ነበር። ተናግረው ሳይጨርሱ ገብቶኛል። ግን ምን አልሁ? "ሥራዬን እኔ አውቃለሁ፣ እትዬ" አልሁ። ኮሌጅ በጥሼ ፊደል ካልቆጠሩ ሴት ልማር? በዚያ ላይ ለአራቱም አንድ ነገር መጻፍ ይቀልለኝ ነበር። ኩራትና ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ምርቱ ቀነሰ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠርቶ ምክንያቱን ጠየቀኝ። እኔም አፌን ሞልቼ፣ "እትዬ ይታይሽ ዘገምተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል" አልሁ። እኔ ነኝ ያልሁት። ማንም አላስገደደኝም።

በማግሥቱ "እጅዎ ዘግይቷል" ብለው ከማሽኑ አንሥተው ግቢ ውስጥ ቀርከሃ ተሸካሚ አደረጓቸው። ክረምት ነበር፤ የእንጅባራን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። በቦታቸው አንዲት ወጣት ተተካች። ለእሷ ምን አደረግሁ መሰለህ? ቀጭኑን ከወፍራሙ አደባለቅሁላት። ምርቱ አደገ፤ ስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ። ያን ጭብጨባ በየትኛው ፊቴ ተቀበልሁት? እትዬ ይታይሽ ነጠላቸው በዝናብ ርሶ በበሩ ሲያልፉ ልጅቱን አዩዋት። "እሰይ! እሷስ አልተንገላታችም" አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። ምነው ሰድበውኝ በሆነ!

ኋላ ወገባቸውን አመማቸውና ሥራውን ትተው አዲስ ቅዳም ከተማ፣ ሴት ልጃቸው ቤት ገቡ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ ባለፈው ወር፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድሁ። የሄድሁት ልነግራቸው ነበር። ከልጃቸው ጋር በአገውኛ ሲጨዋወቱ ደረስሁ። ሲያዩኝ ተነሥተው አገላብጠው ሳሙኝ፤ ትኩስ ቅቅል ድንች አቀረቡልኝ። የፋብሪካው ነገር ሲነሣ እንዲህ አሉ፦

"እኔም እኮ እጄ ዘግይቶ ነበር፤ ሥራችሁን ስጎትትባችሁ ከረምሁ። አንተ ግን ደግ ልጅ ነህ፣ አልረሳኸኝም።"

ውሸቴን አምነውት ኖረዋል። ስለ ገዛ እጃቸው፣ ከገዛ ዓይናቸው ይልቅ የእኔን አፍ አምነው! ያኔ መናገር ነበረብኝ። ድንቹን ልጬ በላሁ። መርቀው ሸኙኝ።

ልጅነት ነው አልልም። ያን ቀን ቤታቸው ተቀምጬ ዝም ስል ጠጉሬ ሸብቶ ነበር። ይህን ወረቀት ለልጃቸው እሰጣታለሁ፤ ታነብላቸዋለች።

እትዬ፣ ይቅር ማለቱን በኋላ ያስቡበት፤ ባይሉኝም አልቀየምም። አስቀድመው ግን ይህን ይወቁልኝ፦ እጅዎ አንድም ቀን አልዘገየም። በዚያ ፋብሪካ ውስጥ እንደ እርስዎ ማሽን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም ይህን አውቅ ነበር።