ኔትወርክ ያለበት እረፍት

ሴትየዋ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ዳር ዳሩን ነው፤ ጥሩኝና ልነሳ የሚሉ ይመስላሉ። የመነጽራቸው እግር በክር ታስሯል። የያዙት የቁልፍ እስር ግን የሰፈሩን በር ሁሉ ሳይከፍት አይቀርም።

የጉዞ ቢሮው ሠራተኛ ፎቶዎቹን ደረደረችላቸው፤ ሁለት ቀን ባሕር ዳርቻ፣ ሦስት ቀን በረሃ፣ ሁለት ቀን ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች።

«ባሕሩ ጋ ኔትወርክ አለ?»

«አለ፣ እትዬ።»

«በረሃውስ?»

«እዚያ እንኳ የለም።»

በረሃውን ወደ አንድ ቀን አስቀነሱት።

ይህን ሲነጋገሩ ስልካቸው ሦስት ጊዜ ጮኸ። ለአንዱ ቁልፉ የት እንደተቀመጠ ነገሩት፤ ሌላዋን «ሽሮፑ ከምግብ በኋላ ነው፣ ስንቴ ልንገርሽ!» ብለው ተቆጡ። ሦስተኛውን ሲያዳምጡ ቆዩና «አይዞህ፣ ከዚህ ስወጣ ብቅ እላለሁ» አሉ።

ከፎቶዎቹ ሁሉ የቤተ መቅደሱን አንስተው ያለ ጣሪያ የቆሙትን ዓምዶች አንድ በአንድ አዩ።

«ጣሪያው ከወደቀ በኋላ እንኳ አረፍ አላሉም እኮ!» ብለው ሳቁ።

ቅጹን ሞልተው ሲመልሱ ሠራተኛዋ አንድ መስመር ላይ ቆመች። «ድንገት ችግር ቢያጋጥም የሚደወልለት ሰው» በሚለው ፊት የጻፉት የራሳቸውን ቁጥር ነው።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ የሌላ ሰው ነው የሚጻፈው። እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑ የምንደውልለት።»

ሴትየዋ እስክሪብቶውን ተቀብለው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ መልሰው ሰጧት።

«ተይው ልጄ፣ እሱ ይሁን። ሌሎቹ ሲደወልላቸው አያነሱም።»