ፀጉር ሠሪዋና አማቷ

በፀጉር ሠሪዋ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ሁሉ፣ ካስኩ ፀጉሯን እስኪያደርቀው ድረስ የሆዷን ትዘረግፍላታለች። እሷም ሰምታ ትውጠዋለች። የራሷን ጭንቀት ግን ለማን እንደምታወራ ጠፋት።

ነገሩ የጀመረው የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስድስተኛ ወሯን ስትይዝ ነው። ገላዋን ስትታጠብ ብልቷ አካባቢ ጥቃቅን እብጠቶች በእጇ ዳሰሰች። ፋርማሲ ሄዳ፣ ሰው እንዳይሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ኪንታሮት ሳይሆን አይቀርም» አለች። ባለሙያው የመቀመጫ ኪንታሮት መስሎት ቅባት ሰጣት። ቅባቱ አለቀ፤ እብጠቱ ግን ጭራሽ በዛ፣ እንደ አበባ ጎመን ተያያዘ።

ያኔ ሐሳቧ ወደ ባሏ ዞረ። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሥራው በየሰው ቤት መግባት መውጣት ነው። «ከየትኛዋ ቤት ይዞብኝ መጣ?» እያለች ትብሰለሰል ጀመር። እግርሽን ልሽልሽ ሲላት «ተወኝ፣ ደክሞኛል» ትለዋለች። ምን እንዳጠፋ ግራ የገባው ባል፣ ምናልባት ደስ ቢላት ብሎ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ እየፈታ ይገጥም ያዘ።

አማቷ ስትወልድ ሊያርሷት ቀደም ብለው የመጡት በዚህ መሃል ነው። አማት መጡ ሲባል ደህና ለመምሰል ጉድ ጉድ ማለት አበዛች። ሴትዮዋ ግን ሲያስተውሏት ሰነበቱና፣ ልጃቸው ሥራ ሲሄድ ጠብቀው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ስትቀመጪ በአንድ ጎንሽ ነው። ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

«ምንም አልሆንኩም፣ እማዬ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ንገሪኝ።»

እያለቀሰች ነገረቻቸው። ልጃቸውን መጠርጠሯን እንኳ አልሸሸገችም። ይቆጡኛል ብላ ስትጠብቅ፣ እሳቸው «እኔም ይሄንኑ ልጅ ሳረግዝ ወጥቶብኝ ነበር» አሉ። «ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አባቱን ግን ዓመት ሙሉ አኮረፍኩት። ስወልድ ጊዜ እብጠቱ በራሱ ከሰመ፤ ኩርፊያዬ ነው ሳይከስም የቆየው። በይ ልበሺ፣ እንሂድ።»

ጤና ጣቢያ ያገኘቻቸው አዋላጅ ነርስ ረጋ ብላ መረመረቻት። «የብልት ኪንታሮት ነው። የቀባሽው ለመቀመጫ ኪንታሮት ነው፤ ስማቸው ብቻ ነው አንድ» አለቻት። «የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። በግንኙነት ይተላለፋል፤ ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ስታረግዢ ሰውነትሽ ፅንሱን እንዲቀበል የበሽታ መከላከያሽ አሠራሩን ይለውጣል፣ ሆርሞንሽም ይጨምራል። ያኔ ተኝቶ የቆየው ይነሳል።»

«ባሌ ነው ያመጣብኝ?»

«ከሱ ይሁን ካንቺ፣ ዘንድሮ ይሁን ሳትጋቡ በፊት፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም።»

«ልጄስ?»

«ልጅን የሚጎዳው ከስንት አንዴ ነው። መውጫውን ካልዘጋ በምጥ ትወልጃለሽ።»

ለዚህ ኪንታሮት የሚሸጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ለእርጉዝ ስለማይሆኑ በራሷ ገዝታ እንዳትቀባ አስጠነቀቀቻት። ሐኪሙም ትልልቆቹን በሚያቀዘቅዝ ጋዝ አከሙላት።

ቤት ስትመለስ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው፤ ጠርጥሬህ ነበርም አለችው። ከፋው፤ ግን ቶሎ መለስ አለና፣ «እኔስ ልመርመር?» አላት።

«ምልክት ካየህ ሂድ ብለዋል። ለወንድ እንዲሁ የሚደረግ ምርመራ የለም አሉ።»

«እንግዲያው እግርሽን ስጪኝ» አላትና ያሽላት ጀመር። አማቷ ጓዳ ሆነው እየሰሙ እንዳልሰሙ ሆኑ።

ቀኗ ሲደርስ በምጥ ሴት ልጅ ተገላገለች። የቀሩት እብጠቶችም ከወሊድ በኋላ እያነሱ ሄደው ጠፉ። አዋላጇ ቀጠሮ ሰጥታት ስለነበር የማህፀን በር ካንሰር ምርመራም አደረገች፤ ውጤቱ ደህና ነው ተባለች።

ከጤና ጣቢያው ሲወጡ ሕፃኗን አማቷ አዝለዋታል። «እማዬ፣ የራስዎን ባይነግሩኝ ኖሮ ትዳሬን በገዛ እጄ አፈርሰው ነበር» አለቻቸው።

«ለኔ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም» አሉ አማቷ። «ላንቺ በመድረሴ ደስ ብሎኛል። ተመስገን።»

እሷም «ተመስገን» አለችና፣ ፀሐይ እንዳያገኛት የሕፃኗን ራስ በነጠላዋ ሸፈነችላት።