ጃባንጉን አትግዟት ያላት ጀልባ

በእኛ አገር ሰው ልጅ ከወለደ በኋላ በገዛ ስሙ አይጠራም። የእከሌ አባት፣ የእከሊት እናት ይባላል፤ የልጅ ልጅ ሲያይ ደግሞ ስሙ እንደገና ይለወጣል። ጃባንጉን ግን ስልሳ ዓመት ሞልቶትም ጃባንጉን ነበር። ሚስቱ በተጋቡ በሦስተኛው ዓመት ወደ ወላጆቿ ተመለሰች፤ ልጅ አልነበራቸውም፤ እሱም ሌላ አላገባም።

እኔ ከጀልባ መሳፈሪያው ከፍ ብሎ ቱዋክ ቤት አለኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከዘንባባ የሚቀዳውን መጠጥ፣ ቱዋኩን፣ እየሸጥኩ፣ ኦቾሎኒ እየቆላሁ ነው የምኖረው። ጃባንጉን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይመጣና በር አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ከጎኑ ማሮሎፕ አይጠፋም። ማሮሎፕ ጀልባ ሠሪ ነው። የጃባንጉንን እህት አግብቶ ሳውሊና የምትባል አንዲት ልጅ ወለዱ፤ እህትየዋ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር፣ ልጅቷም ሜዳን ከተማ አግብታ ትኖራለች። ሁለቱ ሰዎች የሚጠራሩት "ላኤ" እየተባባሉ ነው፣ እንደ አማቾች ወግ። ብዙ አያወሩም። አንዱ ሲያስለው ሌላው ብርጭቆውን ገፋ ያደርግለታል፤ በቃ።

ጃባንጉን የራሱ ጀልባ ኖሮት አያውቅም። ትንሽ የቡና ማሳና አንድ ጎሽ ነበረው። ነገር ግን ወጣት ሳለ አሥራ አራት ዓመት በሰው ጀልባ ላይ ሞተረኛ ሆኖ ሠርቷል፣ ሁለቴም ከመስጠም ተርፏል። ስለዚህ በቶባ ሐይቅ ዙሪያ ጀልባ መግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነበር። የሚቀበለው አንድ ዓሣ ነው። ገንዘብ ሲሰጡት ይቆጣል።

አመራረጡን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጎህ ሳይቀድ፣ ባለቤቱ ሳይነቃ ይሄድና ሞተሩ ላይ እጁን ያሳርፋል። ሞቆ ካገኘው ተመልሶ ይመጣል። "ለገዢ ሲባል አስቀድሞ የተነሳ ሞተር በሽታውን ደብቋል" ይላል። ከቀዝቃዛው ያስነሳዋል፣ ጭሱን ያያል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፣ ነጭ ሆኖ ከቀረ ሌላ ጣጣ አለው። ዘይቱን በጣቱ ነክቶ ውሃ ገብቶበት ወተት መስሎ እንደሆነ ይመለከታል። ከዚያ ሐይቁ መሀል አውጥቶ፣ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ያጠፋውና እንደገና ያስነሳዋል። "ጠዋት የማይነሳ ሞተር ከቤት ያስቀርሃል፤ ሞቆ የማይነሳ ግን ንፋስ መሀል ነው የሚጥልህ።" የከሰዓቱ ንፋስ ሳይነሳ የሞከረውን ጀልባ ሞክሬዋለሁ አይልም። ተመልሶም አንድ ሰዓት ያህል ይቀመጥና የወለሉን እንጨት አንስቶ ምን ያህል ውሃ እንደገባ ያያል።

አንድ ጊዜ ሰው በተሰበሰበበት "ቀለም አይቶ ጀልባ የሚገዛና ቀሚስ አይቶ ሚስት የሚያገባ አንድ ናቸው" ብሎ ነበር። አንዱ ጠጪ ቀበል አድርጎ "አንተስ ያኔ ምኗን አይተህ ነው?" ሲለው ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጃባንጉን ብርጭቆውን ጨርሶ ወጣ። ማሮሎፕ ተከትሎት ሲወጣ ለጠጪው "ያንተን ሚስት ደግሞ ማንም ሳያያት ነው ያገባሃት፣ በጨለማ!" ብሎት ሄደ።

ታዲያ ቢልማር የሚባል የመንደራችን ልጅ ባታም ደሴት ሃያ ዓመት መርከብ ሲጠግን ኖሮ ተመለሰ። ሰውና ዕቃ ወደ ሃራንጋኦል ገበያ የሚያሻግርበት ጀልባ ፈለገ። ማሮሎፕ አንድ አዲስ ጀልባ ጨርሶ ነበር፤ ረዥም፣ አረንጓዴ የተቀባች፣ ጣሪያዋ የሚያምር። ቢልማር "አማችህ ቢሠራትም ወግ ነውና ተመልከትልኝ" አለው ጃባንጉንን።

ያን ቀን ለማየት የወረደው ሰው ብዙ ነበር። ሞተሩ ሁለተኛ እጅ ቢሆንም ጤነኛ ነበር፤ ቀዝቅዞም ሞቆም ተነሳ። የሞተሩን ዘንግ ይዞ ነቀነቀው፣ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ጃባንጉን ወለሉን አንስቶ ወደ ውስጥ ገባና በጣቱ አንጓ ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ ማንኳኳት ጀመረ። ኋለኛው ጫፍ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ደግሞ አንኳኳ። ከኪሱ ቀጭን ሚስማር አወጣ።

ማሮሎፕ ከዳር ሆኖ "ላኤ፣ ጀልባ ነው ወይስ ሙሽራ የምትመርጠው? ጥርሷንም ቁጠራ እንግዲህ!" አለ። ሰው ሳቀ።

ሚስማሩ የተቀቀለ ካሳቫ ውስጥ እንደሚገባ ሰተት ብሎ ገባ። ጥሩ ጀልባ ሠሪ የግንዱን ቀይ ልብ ነው የሚጠቀመው፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጩ እንጨት ግን ለስላሳ ነው፣ ሁለት ክረምት ዝናብ ከተኛበትም ይበሰብሳል። ማሮሎፕ በነጩ እንጨት ሠርቶ ቀለም ቀብቶበታል። በሳንቃዎቹ መካከል ያለው ቃጫና ሙጫም አንዱ ጋ ታጭቋል፣ ሌላው ጋ ባዶ ነው።

ጃባንጉን ከጀልባዋ ወርዶ እጁን በሱሪው ጠረገ።

"እሺ?" አለ ቢልማር።

"አትግዛት።"

"ምን?" ማሮሎፕ ወደ ፊት መጣ። "ምን አልክ አንተ?"

"ነጭ እንጨት ነው፣ ላኤ።"

"እኔ? እኔ ነጭ እንጨት? ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ጀልባዬ ሰጥማ ታውቃለች? በእህትህ መቃብር ፊት ሌባ ልትለኝ ነው?"

"ሌባ አላልኩህም። አትግዛት ነው ያልኩት።"

"ከዛሬ ጀምሮ ላኤ እንዳትለኝ" አለ ማሮሎፕ። ቢልማር ራሱን እያከከ ሄደ፤ ሰዉም ቀስ በቀስ ተበተነ።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር አልተነጋገሩም። ማሮሎፕ ወደ እኔ ቤት ሲመጣ በጓሮ በር ገብቶ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣል። ጃባንጉን ያችው በር አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ ነው፣ ብቻውን። ሰው መጥቶ አጠገቡ ሲቀመጥ ይጠጋለታል እንጂ አያናግረውም። ቀስ በቀስ አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። ጀልባ ሊያስመርጥ የሚመጣውም ቀነሰ፤ የገዛ አማቹን በአደባባይ ያዋረደ ሰው እኛንስ ምን ይለናል ብለው ፈሩት መሰለኝ። እኔ ራሴ ተቀይሜው ነበር። ጆሮው ላይ በለሆሳስ ቢነግረው ምን ነበረበት?

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቴ ሞልቶ ሳለ ማሮሎፕ ማሰሮውን አንስቶ ሊቀዳ ሲል ቱዋኩ ብርጭቆውን ስቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። አላቆመም፤ መቅዳቱን ቀጠለ። "ኧረ የሳውሊና አባት፣ ሳይጠጣ ሰከረ!" ብለው ሳቁበት። እሱም "ጠረጴዛውም ይጠማዋል እኮ!" ብሎ አብሮ ሳቀ። በግራ እጁ ጣቶች ብርጭቆውን ሲፈልግ ግን አየሁት።

ጃባንጉንም ከበሩ አየው። ተነስቶ ወጣ። ቱዋኩን ግማሽ ትቶ ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ገና ሳልከፍት መጥቶ ደጃፌ ላይ ቆመ።

"ኢቶ" አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው። "ዓይኑ ነው። እንጨቱን አላየውም።"

"ታዲያ ለምን አልተናገረም?"

"እኔስ ለምን አልጠየቅኩም? እጁን አውቀዋለሁ። ያ እጅ እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም። ሚስማሩ ሲገባ እንጨቱን ብቻ አሰብኩ።" ቁጭ አለ። "ሌባ ቢሉት ይሻለዋል እኮ፣ ዕውር ከሚሉት። ዕውር ካሉት ነገ ማን ጀልባ ያሠራዋል?"

ሄደህ አናግረው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሄዶ ማሮሎፕ በር ላይ ቆሞ፣ ሳያንኳኳ መመለሱን ከሳምንት በኋላ ነው የሰማሁት።

በዚያው ወር ከማዶ አንድ የዓሣ ነጋዴ መጣ። ተማሪ የሚያመላልስበት ጀልባ ይፈልጋል፤ ሠላሳ ልጅ ጠዋት የሚወስድ፣ ከሰዓት የሚመልስ። አረንጓዴዋን ጀልባ አይቶ ወደዳት። ስለ ጃባንጉን ቃል ሲነግሩት "የአማቾች ጠብ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ" አለ። ማሮሎፕ እሺም እምቢም አላለውም፤ ዓርብ ና አለው።

ጃባንጉን ረቡዕ ጎሹን ሸጠ። ገንዘቡን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝና "ለማሮሎፕ ስጪልኝ፣ የጀልባዋ ዋጋ ነው፤ የገዢውን ስም ግን አትናገሪ" አለኝ። እኔ ግን ውሸት አይሆንልኝም። ማሮሎፕ "ማነው?" ሲለኝ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም ነገረው። ወዲያው ግድግዳውን እየነካ ወደ ጃባንጉን ቤት ሄደ፤ ድንጋይ እንዳይመታው እኔም ከኋላ ተከተልኩ።

ጃባንጉን ደጅ ላይ ቡና እያሰጣ ነበር።

"መጥፎ ናት ያልከው አንተ አይደለህም?" አለ ማሮሎፕ፣ ትንሽ ወደ ጎን እያየ።

"ነኝ።"

"ታዲያ ምን ሊያደርግልህ ትገዛታለህ?"

"የት የት ቦታ መጥፎ እንደሆነች አውቃለሁ። ሌላው ሰው አያውቅም።"

ማሮሎፕ አንድ እርምጃ ቀረበ። "ስንት ሳንቃ ነው?"

"አራት።"

"እኔ ሁለት መስሎኝ ነበር" አለ። ጃባንጉን በርጩማ አምጥቶ ከጉልበቱ ጀርባ አስጠጋለትና አስቀመጠው።

"ለዚያ ሰውዬ አልሸጥለትም ነበር" አለ ማሮሎፕ።

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም። እኔም አላውቅም ነበር።"

ጀልባዋን ለመጠገን ሰባት ሳምንት ፈጀባቸው። ጃባንጉን ያያል፣ ማሮሎፕ ይዳስሳል። ስድባቸው እስከ እኔ ቤት ይሰማ ነበር። "መጋዙን እንደ ጊታር ትጫወትበታለህ እንዴ?" "አንተ ደግሞ ጣትህን አንሳ፣ ሚስማር መስሎኝ እንዳልመታው!" ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለቱም በፊት ለፊት በር ገብተው ይቀመጡ ነበር። እንደዚያ ዓይነት ሰባት ሳምንት ጃባንጉን በሕይወቱ ያየ አይመስለኝም።

ጀልባዋ ውሃ ላይ በወረደች ቀን ሳውሊና ከሜዳን መጣች። አባቷ በእግሩ ጣቶች ደረጃ ሲፈልግ ስታይ ጮኸች። ከዚያ ወደ ጃባንጉን ዞረች፤ የእናቷ ወንድም ስለሆነ እንደ ወጉ "ቱላንግ" ነው የምትለው።

"ቱላንግ፣ አንተ ታውቅ ነበር? ለምን አልደወልክልኝም?"

"እኔም ዘግይቼ ነው ያወቅኩት፣ ልጄ" አለ።

በሦስተኛው ቀን አባቷን ይዛ ሄደች። ሐኪም ቤት ዓይኑን ኦፕራሲዮን አደረጉለትና ብሌኑን ከጋረደው ደመና ብዙው ተነሳለት። እንደሚመለስ ሁላችንም ጠብቀን ነበር። ሳውሊና ግን አልለቀቀችውም፤ የልጅ ልጆቹም እግሩ ላይ ተጠመጠሙ። ማሮሎፕ በስልክ "እስከ ፋሲካ" አለ፣ ከዚያ "እስከ ቡና ለቀማ" አለ፣ ከዚያ ቀን መጥራቱን ተወው።

ለአዲስ ዓመት አንዴ ለሦስት ቀን መጣ፣ ወፍራም መነጽር አድርጎ። ጃባንጉን በዚያች ጀልባ ይዞት ሐይቁ መሀል ወጣ። እኔም ነበርኩ፤ ቅመም የበዛበት የዓሣ ወጥና ሩዝ ቋጥሬ። ማሮሎፕ ወለሉን አስነስቶ ጎንበስ ብሎ እያንዳንዱን ሳንቃ አየ፣ መጀመሪያ በዓይኑ፣ ቀጥሎ ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ። "ይቺን ሚስማር ማነው የመታት? ዕውር ነው?" አለ። ጃባንጉን እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሌላ ጊዜ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። በማግስቱ ማሮሎፕ በትልቁ መርከብ ተመለሰ፤ ጃባንጉን መርከቡ ከዓይን እስኪጠፋ መሳፈሪያው ላይ ቆሞ፣ ከጠፋም በኋላ ቆመ።

ቢልማር ቆየት ብሎ ጀልባዋን ሽጥልኝ ብሎ መጥቶ ነበር። "አይሆንም" አለው፤ ሌላ ጀልባ ግን ሄዶ መረጠለት። ሰዉ ቂሙን ትቶ እንደገና ሊጠራው ጀምሯል። ጃባንጉን ሰኞ ሰኞ ሰው ወደ ገበያ ያሻግራል። ሌላውን ቀን ብቻውን ይወጣል። ከቤቴ በረንዳ ይታየኛል፤ መሀል ላይ ሞተሩን ያጠፋና ይቀመጣል፣ አይቀዝፍም፣ ዓሣም አያጠምድም።

አንድ ቀን "እዚያ ምን ትሠራለህ?" አልኩት።

"ምንም" አለ። "እዚህም ቢሆን ምን እሠራለሁ፣ ኢቶ?"

ኦቾሎኒ ጨመርኩለት። ውጭ ላይ የከሰዓቱ ንፋስ ተነስቶ ነበር፤ ጀልባዋን ማሰር እንዳለበት ነገርኩት፣ እሱም "ታስራለች" አለና አግዳሚው ላይ አጠገቡ ባዶ የነበረውን ቦታ በእጁ ጠረገ፣ እንድቀመጥ። ሥራ ነበረብኝ። ግን ተቀመጥኩ።