ያልጻፍነው የምስጋና ደብዳቤ

የበደለኝ ሰው ጥላዬ ይባላል። የበደለኝም ከስድስት ዓመት በፊት፣ ኅዳር ጽዮን ዕለት፣ በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውስጥ ነው። ዱሮ አንቱ እለው ነበር። በዚህ ጽሑፍ ግን አንቱ አልለውም። የመንደራችንን ስም አልጽፍም፤ ከራቤል ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች መሆኗን መናገር ይበቃል። የሚያውቀን ያውቀናል።

ነገሩ እስከ ዛሬ ከሆዴ ያልወጣው ስለተታለልኩ ብቻ አይደለም። እኔ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ስንቱን ወላጅ «ሳታነቡ አትፈርሙ» ብዬ መክሬያለሁ። ሳላነብ የፈረምኩት ግን እኔው ነኝ፤ ያውም ከሁሉ ቀድሜ።

እኛ ጋ መኪና ያልፋል እንጂ አይቆምም። ሚኒባሶቹ ከራቤል ሞልተው ይመጣሉ። ክፍት ወንበር ያለውም ቢሆን ለእኛ መቆም አይፈልግም፤ እጃችንን ስንዘረጋ ሾፌሩ በጣቱ ወደ ኋላ ያመለክታል፣ «ሌላ ይመጣል» ለማለት። ሌላው ሲመጣም እንደዚያው ያመለክታል።

እኔ የዓይን ግፊት አለብኝ። ደብረ ብርሃን ያለው ሐኪም በየሁለት ወሩ ይቀጥረኛል። የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ ከመሐል ሜዳ የሚወጣው ማለዳ ስለሆነ፣ ከዋዜማው መሐል ሜዳ ገብቼ ማደር አለብኝ። በዚያ ዓመት ሁለት ቀጠሮ በተከታታይ አለፈኝ። ሁለቱንም ጊዜ ከጠዋት ጀምሬ መንገድ ዳር በብርድ ቆሜ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በሦስተኛው ተሳክቶልኝ ስደርስ ሐኪሙ የግራ ዓይኔን አየ። «እማማ፣ የቀረን የቀኙ ነው። ከእንግዲህ ቀጠሮ አይለፍዎት» አለኝ። ስለ ግራ ዓይኔ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ለመንግሥት እናመልክት ብዬ የተነሳሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ማመልከቻውን በእጄ ጻፍኩት። የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከመንደራችን ተነስቶ መሐል ሜዳ የሚያደርስ መኪና ይመደብልን። ሌላ ጌጥ አልጨመርኩበትም።

ጥላዬ የማርያም ማኅበራችን ሙሴ ነበር። ሙሴ የማኅበሩ አለቃ ነው፤ ተራ ያስይዛል፣ የቀረውን ይጠይቃል፣ የተጣላውን ያስታርቃል። ማመልከቻውን እሱ ይዞልን ይሂድ ብዬ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ይህንንም አልደብቅም።

ኅዳር ጽዮን ዕለት ቅዳሴ እንዳለቀ፣ ሕዝቡ ከቅጥሩ ሳይወጣ ጥላዬ ድንጋይ ላይ ቆሞ ተናገረ።

«የእትዬ አስካለ ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን በእጅ የተጻፈ ቢሮ አይቀበልም። መሐል ሜዳ ኮምፒውተር ቤት ወስጄ አስተይበዋለሁ። እናንተ ደግሞ ከነገ ጀምሮ አጨዳ ላይ ናችሁ፤ ተመልሳችሁ አትሰበሰቡም። ስለዚህ ፊርማውን ዛሬ በባዶ ወረቀት ላይ እንያዝ። የተተየበውን ከፊቱ አያይዘዋለሁ።»

እውነቱን ነበር። ገብሱ ደርሷል፣ ውርጩም ፋታ አይሰጥም፤ በአጨዳ ሰሞን ሰው ለለቅሶ ካልሆነ አይሰበሰብም። ደግሞ በእመቤታችን ቀን፣ በእሷ ደጅ፣ የራሳችንን ሙሴ ማን ይጠረጥራል? ወረቀቱን ተቀበልኩና «መምህርት አስካለ» ብዬ አንደኛ ላይ ፈረምኩ። መጻፍ የማይችለው ከቀበሌ በመጣው ቀለም ጣቱን እየነከረ አተመ። ጎረቤቴ የሺ አውራ ጣቷን ከማተሟ በፊት፣ «ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ። «መኪና ስጡን ነው የሚለው» አልኳት። ወረቀቱ ላይ ከስሞቻችን በቀር ምንም አልነበረም። ሦስት ገጽ ሞላ።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። ጥላዬን ባገኘሁት ቁጥር እጠይቀዋለሁ። «በሂደት ላይ ነው፣ እትዬ። መንግሥት ጥድፊያ አይወድም» ይለኛል። የእህቱ ባል በዚሁ መስመር የሚሠራ ሚኒባስ አለው። ያ ሚኒባስ ለእኛ ባይቆምም የጥላዬ በር ላይ ይቆማል፤ ቤተሰቡንም ጆንያውንም ጭኖ ይሄዳል። አየን፤ «አማቹ አይደል» ብለን ተውነው። በዚህ መሐል አንድ ቀጠሮ ደግሞ አለፈኝ።

በመጋቢት ከየሺ ጋር ሆነን ገብስ በጫነ አይሱዙ ላይ ተንጠላጥለን መሐል ሜዳ ገባን። የመኪና ስምሪት የሚመለከተው ቢሮ ሄደን ከአንድ ወጣት ሠራተኛ ፊት ተቀመጥን። ትሑት ልጅ ነው። የመንደራችንን ስም ስነግረው ፊቱ በራ።

«እናንተማ ያመሰገናችሁን ናችሁ!» አለ። «ሰው እዚህ የሚመጣው ለስሞታ ብቻ ነው። የእናንተን ደብዳቤ በየስብሰባው አንብበነዋል።»

«የምን ምስጋና?» አልኩት።

ፋይሉን አውጥቶ አነበበልን። ባለው የትራንስፖርት አገልግሎት ረክተናል ይላል። በመስመሩ ላይ የሚሠሩት ባለንብረቶች ወገኖቻችን ናቸው፣ ተጨማሪ መኪና ቢመደብ እነሱን ይጎዳልና እንዳይመደብ እንጠይቃለን ይላል። ገጹን ገለጠው። አንደኛ ላይ የእኔ ስምና ፊርማ አለ። ዝቅ ብሎ የየሺ አውራ ጣት።

የሺ ጣቷን አወቀችው፤ ጫፉ ላይ የማጭድ ጠባሳ አለው። ወረቀቱን ሳይሆን እኔን ነው ያየችኝ።

«መኪና ስጡን ነው የሚለው አላልሽኝም?» አለችኝ።

ወደ ሠራተኛው ዞሬ እንደተታለልን ነገርኩት። አዘነ፤ ነገር ግን «እማማ፣ ፊርማው የእናንተ ነው። ያቀረበው ሰው ራሱ መጥቶ ካላስተባበለ እኔ ምን አደርጋለሁ?» አለ። ደብዳቤውን በስልኬ ፎቶ እንዳነሳ ፈቀደልኝ።

የሺ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረችኝም። ለሌላው ግን ተናገረች። በሳምንቱ መንደሩ በሙሉ፣ አስካለ ከባለሚኒባሱ ጋር ተዋውላ ሕዝቡን አስፈረመች፣ በምላሹ ዕድሜ ልኳን ጋቢና እየተቀመጠች ልትሄድ ነው አለ። ገበያ ስወርድ፣ «ኧረ መንገድ ልቀቁ፣ እሜቴ ጋቢና መጡ!» ይሉኛል። አንዷ ከኋላዬ፣ «ከሾፌሩ ጎን ሲቀመጡ ብርድ አይነካም አሉ፣ እውነት ነው?» ብላ ሰዉን አሳቀችው። ያስተማርኳት ልጅ ናት። ጥላዬ ይህን ሁሉ ይሰማል። አንድ ቀን እንኳ «እሷ አይደለችም» አላለም።

አልጮኽኩም፣ ቤቱም አልሄድኩም። በቤቱ ደግሶ ማኅበሩን የሚያወጣበትን ተራ ጠበቅሁ።

የጥላዬ ተራ ግንቦት ላይ ዋለ። ደግሶ ጠበቀን። አማቹም ከራቤል መጥቶ ከጎኑ ተቀምጧል። በማኅበራችን ደንብ ጽዋው ከመባረኩ በፊት የማኅበሩ ካህን አባ ገብረ ማርያም ተነስተው፣ «ከመካከላችሁ የተቀያየመ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። አለ የሚል ካለ ነገሩ ሳይፈታ ማንም አይቀምስም። አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው ለወጉ ነው፤ መልስ ሳይጠብቁ ወደ ጸሎቱ ይገባሉ። ያን ቀን መስቀላቸውን ከማንሳታቸው በፊት ተነሳሁ።

«እኔ ተቀይሜያለሁ፣ አባ።»

«ከማን ጋር፣ ልጄ?»

«ከቤቱ ባለቤት።»

ጥላዬ ብድግ አለ። «እትዬ፣ ምን ሆኑ? ዛሬ እኮ የእመቤታችን ቀን ነው። ነገ ሁለታችን ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።»

«ያስፈረምከንም በእሷ ቀን ነው» አልኩት። አንተ ያልኩት ያኔ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ቀና አለ።

ስልኬን አውጥቼ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። በአንድ ዓይን ስለማነብ ቀስ እላለሁ፤ ያን ቀን ደግሞ ከወትሮው ቀስ አልኩ። «ረክተናል» የሚለው ላይ ስደርስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«የኮምፒውተር ቤቱ ስህተት ነው። ሲተይቡ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ጋር ተቀላቅሎባቸው ነው» አለ ጥላዬ።

ከማኅበርተኞቹ በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ወርቁ ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «አንተ ጥላዬ፣ ኮምፒውተሩ ያማችህን ሚኒባስ በምን አውቆት ነው መኪና አትጨምሩበት ብሎ የሚለምንለት? የእናንተው ዘመድ ነው እንዴ?» አሉ።

ሰዉ ሳቀ። የሺ ግን አልሳቀችም። አማችየው በርኖሱን ሰብስቦ ሊወጣ ሲነሳ፣ «ቁጭ በል፣ ገና አልተቀመሰም» አሉት አባ፤ ቃላቸው ወደ እሱ ቢሆንም ዓይናቸው ጥላዬ ላይ ነበር። ያኔ ጥላዬ አንገቱን ደፋ።

«ለመነኝ። የእህቴ ባል ነው፤ ምን ላድርግ? አንድ ዓመት ብቻ ይሥራ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ማመልከቻ እናስገባለን ብዬ ነው» አለ።

«በዚያ አንድ ዓመት የእኔ ዓይን ምን ይሁን ብለህ ነው?» አልኩት።

አባ ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር መሐል ሜዳ ሄዶ ያደረገውን በገዛ አፉ ይናገር አልኩ። ጽዋው ፊት ቃል ገባ። ከዚያ በኋላ ተባረከ፣ ሰዉም ጠጣ። እኔ አልቀመስኩም።

በማግስቱ አማቹ ሚኒባሱን ደጄ ላይ አቆመ። ሾፌሩ የጋቢናውን በር ከፍቶ «ይግቡ፣ እማማ» አለኝ። አልፌው የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቢሮው ጥላዬን የእምነት ቃል አስጽፎ አስፈረመው። የፊተኛው ደብዳቤ ተሰረዘ፤ የእኔ የእጅ ጽሑፍ እንዳለ ገባ። በእጅ የተጻፈ አንቀበልም ያለም አልነበረም።

በሐምሌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተመደበልን፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከመንደራችን ይነሳል። ከራቤል የሚመጡትም እጅ ለሚያወጣ ተሳፋሪ ቦታ እያላቸው እንዳያልፉ ትእዛዝ ተጻፈላቸው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀጠሮ አላለፈኝም። የቀኝ ዓይኔ አለ።

የሺ ቤቴ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። አነሳኋት። እሷ ጣቷን ያተመችው በእኔ ቃል ነው፤ የምቀየማት ነገር የለኝም።

ጥላዬ ከሙሴነቱ ተሻረ። በመስከረም ጋሽ ወርቁንና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችን አስቀድሞ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ ላይ ቆመ። በአገራችን ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው «አውርድ» አለማለት ነውር ነው።

«አስካለ፣ የጠየቅሽው ሁሉ ሆነ። መኪናውም መጣ። በይ አውርድ በይው» አሉኝ ጋሽ ወርቁ።

«መኪናው መጣ፣ ጋሼ። ዓይኔ አልመጣም» አልኳቸው።

በሬን ዘጋሁ። ምን ያህል ቆመው እንደሄዱ አላውቅም። አባ ጠርተው ገሠጹኝ፤ አንገቴን ደፍቼ ሰማኋቸው፣ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። ማኅበሩን ለቅቄ ወጣሁ። ጨካኝ ናት የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። በእኔ ቦታ ሆነው መንገድ ዳር የቆሙ ቀን እንሰማቸዋለን።

ከዚያ ወዲህ የአማቹ ሚኒባስ ትርፍ በጫነ ወይም ሰው ቆሞ እያየ ባለፈ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ጽፌ ለመሐል ሜዳው ቢሮ እደውላለሁ። ሁለት ጊዜ ተቀጣ። በሦስተኛው ከመስመሩ ታገደ። አሁን ወደ ሌላ መስመር ተዛውሮ ይሠራል አሉ። የትኛው መስመር እንደሆነ እያጠያየቅሁ ነው።